ልቡን ነው ያልንበት ክረምት

ጋረደው በእኛ ካምቦ የሚታወቀው በመንገድ ነበር። ካምቦ የምንለው በሱዳን ምድር፣ በመፋዛና በሀዋታ መካከል፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መሀል ያለችውን የሠራተኞች መንደር ነው። ሠላሳ የሚሆኑ የሣር ጎጆዎች አሏት። የአገሩ ሰው ኸሪፍ የሚለው ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ትራክተር እስከ ጎማው ወገብ ይውጣል። ያኔ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋረደው ከሹፌሩ ጎን የጎማው መከለያ ላይ ይቀመጥና “ግራ”፣ “ቀኝ”፣ “ቀጥ በል፣ እንዳትቆም” ይላል። ትናንት የታለፈበት ዛሬ ረግረግ ይሆናል። እሱ የሣሩን ቀለም፣ የላሎ ዛፎቹን አቋቋም እያየ ይለየዋል። በሠላሳ ስምንት ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ትራክተር ጭቃ ያስያዘው፤ እሱንም ሹፌሩ አልሰማ ብሎት ነው ይላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አረም መጥቶ በዚያው ቀረ። ለምን አልተመለስህም ሲሉት “ይቺን የመመለሻዋን መንገድ ብቻ ነው ያላወቅኋት” ይላል። ወርቅውሃን ያገኛትም አረም ላይ ነው። እሷ በፊተኛው ረድፍ ታርማለች፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ስሟን ያስገባበት ዘፈን ያወጣል፤ ሁለት ሳምንት ዘፍኖ በሦስተኛው ተጋቡ። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፤ አንዷን ከሰላ ከተማ ዳሩ፣ አንዷን እዚሁ ቀበሩ።

የእኔ ጎጆ ከእነሱ ጋር በእሾህ አጥር ይዋሰናል። ሳላቸው እንኳ ይሰማኛል። ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ እጄ እንዳይረሳው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነገር ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ዝናብ ጣለ፣ ፍየሏ ወለደች፣ የመሳሰለውን። የዚያ ክረምት ደብተር ግን በጋረደው ነገር ተሞላ።

በሰኔ መጨረሻ የትራክተሩ ተሳቢ መዝጊያ ብረት ተፈንጥሮ ከግንባሩ በስተግራ መታው። ትንሽ ደማ። “ብረቱን እዩልኝ፣ እሱ ነው የተጎዳው” ብሎ አሳቀን። በሳምንቱ ቁስሉ ደረቀ። እኛም ረሳነው። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ይኸው መርሳታችን ነው።

አምስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ማክሰኞ ሻይ ይዤላቸው ስገባ ጋረደው “ጨዉን አቀብይኝ” አለኝ። እጁ ግን የተዘረጋው ወደ ስኳሩ ነበር። ስኳሩን አነሣ፣ ጨመረ፣ ጠጣ። ወርቅውሃ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጻፍሁት፦ “ማክሰኞ። ስኳርን ጨው አለው። እጁ አልተሳሳተም።”

ሐሙስ ዕለት ጫማውን አድርጎ ጫማውን ሲፈልግ ዋለ። ዓርብ ውሃ ጠማው መሰለኝ፣ እንስራውን እያየ “ወርቅ… ወርቅ…” አለ። ወርቅውሃ የጠራት መስሏት መጣች። “አቤት፣ አለሁ” አለችው። ራሱን ነቀነቀ፤ እሷን አይደለም። “ወርቅ” አለ እንደገና፣ ከንፈሩ ደርቆ። የስሟ ግማሽ መጥቶለት ግማሹ ቀርቶበት እንደሆነ የገባኝ እንስራው ዘንድ ሄዶ በመዳፉ ሲጠጣ ሳየው ነው።

ወርቅውሃ በሩን ዘጋችው። “እትዬ እናትነሽ፣ ሰው እንዳይሰማ” አለችኝ በሹክሹክታ። በዚህ የጦርነት ዘመን ወርቅ ወርቅ የሚል ድምፅ ከጎጆ ሲወጣ የሚሰማው ደግ ሰው ብቻ አይደለም። ኬላ ላይ ስሙን መናገር ያልቻለ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ሰምተናል። እሷ ግን ከሁለቱም የባሰ ፍርሃት ነበረባት። “እኔን ሲያየኝ ያውቀኝ ይሆን?” አለች። 

በማግሥቱ በአህያ ጋሪ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጤና ኬላ ወሰድነው። የልጅ ልጄ ሲሃም አብራን ሄደች። ሲሃም ገዳሪፍ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ለሥራ ሲርቅ እኔ ዘንድ የከረመች ሴት ናት። ዓረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አማርኛዋ ግን ከእናቷ ማድቤት ያልወጣ ነው፤ ሽንኩርቱን፣ እንጨቱን፣ ስድቡን አሳምራ ታውቃለች።

ሐኪሙ “ማሉ?” አለ፤ ምን ሆነ ማለቱ ነው።

“ልቡን አጥቷል በዪው” አልኋት። “የሚናገረው ከልቡ አይደለም። ልቡ አልሰበሰብ ብሎታል።”

ሲሃም ወደ ሐኪሙ ዞራ “ገልቡ ታዕባን” አለች። ልቡ ታሟል ማለት ነው። ገልብ ልብ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ትክክል መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐኪሙ የጋረደውን ደረት ከፍቶ ብዙ አዳመጠ። የደም ግፊቱን ለካ። ጋረደው ሲጠየቅ ፈገግ እያለ “ጠይብ፣ ጠይብ” ይላል፤ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው። ሐኪሙ በዕድሜው ልቡ ደክሟል ብሎ ነጭ ክኒን ሰጠን፤ ደም እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነው፣ በቀን አንድ ይውሰድ አለ። ስለ ብረቱ አንዳችንም አላነሣንም። ግንባሩማ ድኗል፤ ማን ያስታውሰዋል?

ወርቅውሃ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥራ ጡቷ ሥር ያዘችው። በየጠዋቱ በገዛ እጇ አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። ስምንት ቀን ሰጠችው። ባሰበት።

ቀኝ እግሩ መጎተት ጀመረ። ቀኝ እጁ የያዘውን ይጥላል። ቀን በፀሐይ ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት ዓይኑ ይከፈታል እንጂ እሱ ቶሎ አይመጣም። ቃላቱ እያለቁ ሄዱ። በደብተሬ “ዛሬ የጠፋው” እያልሁ እጽፋለሁ፦ አካፋ። ዳቦ። ሰኞ። የልጁ ስም። አንዳንድ ቀን መጻፉን እፈራው ነበር፤ እኔ ስጽፈው የሚጠፋ ይመስለኛል።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት ወርቅውሃ እግሩን እያጠበችለት፣ የምታባብልበት አጥታ ያንን የጥንቱን የአረም ዘፈን አንጎራጎረች። ጋረደው ዓይኑን ሳይከፍት ተቀበላት፦

አረሙ በዛብኝ ከወገቤ በላይ፣
ነይልኝ ወርቅውሃ ሳትጠልቅብኝ ፀሐይ።

አንድ ቃል አልጎደለም። እጇ እግሩ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። “ወርቅውሃ አለ” አለችኝ። “ሙሉውን አለ።” ወዲያው ጽዋውን አንሥታ “ይሄ ምንድን ነው? ውስጡ ያለው?” ብላ ጠየቀችው። ጋረደው አየው፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ዕንባው መጣ። ቃሉ እንደጠፋበት ራሱ ያውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ ማወቁ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ።

ጎተራው አልተቃጠለም አልሁ በሆዴ። እህሉ ውስጥ አለ። የሚያወጣው ነው የጠፋው።

ሲሃምን “ሰው ፈልጊልኝ፣ በአማርኛ የሚሰማኝ ሐኪም” አልኋት። ስልክ የሚይዘው ከውሃ ማማው አጠገብ ብቻ ነው። እዚያ ቆማ ለጓደኞቿ ስትደውል ቆይታ ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ፣ ዶክተር ኣርኣያ የሚባል፣ ከትግራይ ተሰዶ የመጣ ሐኪም ቁጥር አገኘች። ስልኩን ሰጠችኝ።

“እናቴ፣ ሕመሙን ይንገሩኝ” አለ።

“ልቡን አጥቷል።”

“ደረቱን ያመዋል?”

“ደረቱ ምን ይሆናል? ልቡን ነው የምልህ፤ የሚያስብበትን።”

 “የሚያስብበትን” አለ ቀስ ብሎ። “ራሱን የመታው ነገር አለ? ይህ ከመጀመሩ በፊት፣ ወር፣ ሁለት ወር ቢሆንም?”

 የብረቱን ነገር ነገርሁት። የሚጎተተው እግር የትኛው እንደሆነ፣ የጠፉት ቃላት ምን ምን እንደሆኑ ከደብተሬ አነበብሁለት። ስለ ክኒኑ ስነግረው ድምፁ ተለወጠ።

“ክኒኑ አሁኑኑ ይቁም። አንድም እንዳይዋጥ። ራሱ ውስጥ ደም ሳይጠራቀምበት አልቀረም፤ ክኒኑ ደሙ እንዳይቆም እያደረገው ነው። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ አድርሱልኝ። መንቃት ካቆመ፣ እናቴ፣ እኔም ብዙ አልጠቅማችሁም።”

ሲሃም ከጎኔ ሆና ሰምታለች። ማማው ሥር ጭቃው ላይ ተቀመጠች። “ሐቦባ” አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው፤ “እኔ ነኝ የገደልሁት?”

“አልሞተም” አልኋት። “አንቺ ስትናገሪ ራሴን የነቀነቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ተነሺ።”

ጎህ ሲቀድ ትራክተሩ ተነሣ። ሹፌሩ ባንታምላክ ከቋራ የመጣ፣ ለዚህ አገር ኸሪፍ አዲስ ሰው ነው። ማታ የጣለው ዝናብ የጎማ ዱካውን ሁሉ አጥፍቶታል።

“እማማ፣ መንገዱን ማን ያሳየኛል?” አለ።

ሁላችንም ጋረደውን አየነው። ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ከባንታምላክ ጎን፣ ከድሮ ቦታው አስቀመጥነው፤ ወርቅውሃ ከኋላው ቆማ በነጠላዋ ወገቡን አስራ ያዘችው። እኔና ሲሃም ተሳቢው ላይ ሆንን።

የመጀመሪያው መለያያ ሦስት ላሎ ዛፎች ያሉበት ነው። ባንታምላክ ትራክተሩን አዘገመ። “አያ ጋረደው፣ በየት ነው?”

“ቀኝ” አለ ጋረደው። ግራ እጁ ግን ተነሥቶ ወደ ግራ አመለከተ።

“ቀኝ ነው ግራ?”

“ቀኝ” አለ፤ እጁ ወደ ግራ እንደተዘረጋ።

ባንታምላክ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። “አፉን ልመን እጁን? ሌላኛው እጁ ስለማይሠራ ይሆናል ወደ ግራ የሚያሳየው። እዚህ ከተያዝን እስከ ነገም የሚያወጣን የለም።”

የወርቅውሃ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ፍረጂ የሚል ዓይን። ደብተሩ ብብቴ ውስጥ ነው፤ መክፈት አላስፈለገኝም። ስኳሩን አሰብሁ። ጫማውን አሰብሁ፤ አፉ የት አለ ሲል እግሩ አጥልቆት ነበር። አፉ ሲስት እጅና እግሩ ስተው አላየሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ስምንት ቀን ውጧል፤ ያኔ ያልሳተ እጅ ዛሬ ስቶ እንደሆነስ?

“እጁን” አልሁ። 

ወደ ግራ ታጠፍን። ጎማው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፤ ያዘ። ሣሩ የትራክተሩን ሆድ የሚመታበት ቦታ ገባን፤ ከሥር ያለው መሬት ግን ጠጠር ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው መለያያ ደረስን። “ግራ” አለ ጋረደው፤ ግራ እጁን ግን በደረቱ ላይ አሻግሮ ወደ ቀኝ ጠቆመ። ባንታምላክ አሁን አልጠየቀም። “እጅ እጁን” አለ ለራሱ፣ ታጠፈ።

ከሦስተኛው በፊት ጋረደው ተኛ። ወርቅውሃ ጠራችው፣ ጉንጩን መታችው፣ ውሃ ረጨችበት። ራሱ እንደ ቅል ይንከባለላል። ከፊታችን ኾር፣ ማለት የክረምት ወራጅ፣ ደፍርሶ ይጮሃል፤ መሻገሪያው የቱ ጋ እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። የዶክተሩ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ መንቃት ካቆመ። ሲሃም ዓይኗን ጨፍና በዓረብኛ ትጸልያለች። ወርቅውሃ አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ ዘፈኑን ጀመረች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ “…ሳትጠልቅብኝ ፀሐይ” አለ፤ ዓይኑ ተከፈተ። ወራጁን አየ። እጁ ተነሣ፣ ከወደቀው ግንድ ከፍ ብሎ ያለውን ስፍራ አሳየና መልሶ ወደቀ። ውሃው እስከ ተሳቢው ወለል መጣ፣ ከዚያ አላለፈም።

ዋናው መንገድ ላይ ኬላ ነበር። ወታደሩ ወደ ጋረደው ቀርቦ “ሰላም ዓለይኩም” አለ። የሚቀጥለው ጥያቄ ስሙ እንደሆነ አወቅን። ጋረደው ግን “ዓለይኩም ሰላም፣ ኬፍ፣ ጠይቢን? ኩወይሲን? አልሐምዱሊላህ” ብሎ የአገሩን ሰላምታ ሙሉውን አወረደው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተባለ ነገር ነዋ። ሲሃም ፈጥና ታሞብን ነው ወደ ሆስፒታል ነው አለች። ወታደሩ የጋረደውን እግር አየ። ከዚያ የኬላውን ገመድ ዝቅ አደረገው።

ገዳሪፍ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዶክተር ኣርኣያ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ የራበው ሰው ነው። የጋረደውን ራስ በመሣሪያ አስነሣውና ፎቶውን ለወርቅውሃና ለእኔ አሳየን። ከራስ ቅሉ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ማጭድ የመሰለ ጥላ ተጋድሟል።

“ይህ የተጠራቀመው ደም ነው። አንጎሉን ወደ ውስጥ እየገፋው ነው። ዛሬውኑ አጥንቱን በትንሹ በስቼ አፈስሰዋለሁ።”

“የሚያስብበት ቦታ ጠፍቷል?” አለች ወርቅውሃ።

“የሚያስብበት አንድ ቦታ የለም፣ እኅቴ። አንድ ሰው ውሃ ለማለት ራሱ ውስጥ ስንቱ እንደሚነጋገር ብታዪ። ጥማቱን የሚያውቅ አለ፣ ጽዋውን የሚለይ አለ፣ ስሙን ፈልጎ የሚያመጣ አለ፣ ምላስን የሚያዝ አለ። አንዱ ብቻውን ምንም አይልም። ማሰብ የምንለው መነጋገራቸውን ነው። ደሙ በተጫነበት በኩል ንግግሩ ተስተጓጉሏል።”

“ዘፈኑስ? ሰላምታውስ? እጁ እንዴት መንገዱን አወቀ?” አልሁት።

“ዘፈን ብዙውን ጊዜ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል። አፍ የለመደው ሰላምታና እግር የለመደው መንገድም የየራሳቸው መተላለፊያ አላቸው፤ እነሱን ደሙ ገና አልዘጋቸውም። ሁሉን እናውቃለን አልልዎትም፣ እናቴ። ብዙው ገና አልታወቀም።”

እንደ ኸሪፍ መሆኑ ነው አልሁ ለራሴ። መፋዛም አለ፣ ሀዋታም አለ፣ ሰዉም እህሉም አለ፤ ዋልካው ሲያብጥ ግን አንዱ ወደ አንዱ አይደርስም። ነገሩ ገባኝ፤ ግን መረዳት ፍርሃትን አያስወግድም። ረግረግ ሆኖ የቀረ መንገድም አውቃለሁ፤ በበጋ እንኳ ተመልሶ ያልተከፈተ።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ውጭ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። ወርቅውሃ ያንን ባዶ የክኒን ጨርቅ ከጡቷ ሥር አውጥታ ትፈታዋለች፣ ትቋጥረዋለች። “በእጄ ነው ያጎረስሁት” አለች።  እጇን ያዝሁት፣ ቀዝቅዞ ነበር።

በሕይወት ወጣ። የመጀመሪያውን ቀን አልተናገረም። በሁለተኛው ቀኝ እግሩን አነቃነቀ፤ ሲናገር ግን የሚወጣው ለመረዳት የሚያስቸግር ነበር፤ ወርቅውሃ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። በሦስተኛው ጠዋት ጽዋውን ይዛ ፊቱ ቆመች። አልጠየቀችውም፤ መጠየቅ ፈርታለች። ጋረደው ጽዋውን አየ። “ወርቅ” አለ። ፊቷ ጠወለገ። እሱ ግን አላበቃም ነበር፤ ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቃሉን ቀስ ብሎ አንሥቶ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

“ወርቅ…ውሃ። ውሃ ስጪኝ።”

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ጋረደው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሰኞንም አካፋንም አግኝቷቸዋል። ሲደክመው ግን ቀኝና ግራ አፉ ላይ ይለዋወጡበታል፤ ስለዚህ ባንታምላክ እጁን ብቻ ነው የሚያየው። ሲሃምም ሐኪም ቤት ሰው ይዛ በሄደች ቁጥር “ሐቦባ፣ ልብ ያልሽው የትኛው ነው፣ የሚመታው ወይስ የሚያስበው?” ትለኛለች።

የዘንድሮው ኸሪፍ በገባ በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ላሎዎች ጋ ስንደርስ ጋረደው “ቀኝ” አለ፤ እጁ ወደ ግራ ተዘረጋ። ባንታምላክ ዞሮ አየኝ። ወርቅውሃ ነጠላዋን ጨበጠች። ድካም የለበትም፤ ጠዋት ነው፣ ገና መነሣታችን ነው። 

ጋረደው ዘወር ብሎ ሳቀ። “ደነገጥሽ እንዴ፣ እታለም? ልቀልድ ብዬ ነው።”

“እንዲህ ያለ ቀልድ ይቅርብህ” አልሁት። ወርቅውሃ ጀርባውን በቡጢ መታችው።

ቤት ስገባ ደብተሬን አወጣሁና ቀኑን ጻፍሁ። “ቀኝ አለ፣ እጁ ግራ አሳየ። ቀልድ ነው ብሎናል።” ብዕሩን አስቀመጥሁ። በአጥሩ ማዶ ሲያወራ ይሰማኛል። የሚስተው ቃል እንዳለ ቃል በቃል አዳመጥሁት።